ጥጃው ጥቀርሻውን የበላ ዕለት

ነገሩ የሆነው በኢሕአዴግ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ በግንቦት ወር ነው። የግብርና ሠራተኛው ሁሉ «በመስመር ዝሩ» እያለ ከማሳ ማሳ የሚዞርበት ጊዜ ነበር። በዕድሜዬ ብዙ ነገር አስገርሞኛል፤ አብዛኛው ግን የሰው ሥራ ነው። ብረት አስደንቆኝ አፌን ከፍቼ የቆምኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣውም ለዚህ ይመስለኛል።

የምኖረው ቡሬ ነው። በርበሬና በቆሎ እነግዳለሁ። የተማርኩት ገበያ ውስጥ ነው፤ አስተማሪዎቼ ደላሎች ስለነበሩ ትምህርቱ በነፃ አልነበረም።

በዚያ ዓመት ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ ያገለገለ ትንሽ ትራክተር አየሁና ገዛሁ። ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። እዚያ አገር ሰዎች የግቢያቸውን ሣር ያጭዱበት ነበር አሉኝ። ለሣር ብሎ ትራክተር የሚገዛ ሰው ስንት ላም ቢኖረው ነው ብዬ ጠየቅሁ። ላም የላቸውም አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ አገር ምንም አልጠየቅሁም።

እኔ ያሰብኩት ማረሻ ገጥሜለት በሬ ላጣ ገበሬ ለማከራየት ነው። መጀመሪያ ገጠር ይዘነው የወጣን ዕለት ሰዉ ቁመቱን አይቶ ሳቀ። «ይኼማ ገና ጥጃ ነው!» አሉ። ስሙ በዚያው «ጥጃው» ሆኖ ቀረ።

ሹፌሩ አንሙት ይባላል። መንጃ ፈቃድ ከማውጣቱ በፊት አራሽ ነበር፤ በበሬ አያያዝ አገር የሚያመሰግነው አራሽ። በሬ ሲያለከልክ ማየት አይችልም። ወዲያው ቀንበሩን ያወርዳል፣ ጥላ ሥር ያቆመዋል፣ ጀርባውን ያሻሸዋል። ጥጃውንም የያዘው እንደዚያው ነው።

ጥጃው አንድ ጠባይ ነበረው። ሲያርስ ሲያርስ ይቆይና ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት ትበራለች። ሞተሩ ማንም ነዳጅ ሳይሰጠው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ትንፋሽ እንደ ምድጃ አፍ ፊት ይለበልባል። አንሙት ይህን ሲያይ «ደከመው» ይልና ወደ ዛፍ ጥላ ወስዶ ሞተሩን ያጠፋል። ሲበርድለት እንደገና ያስነሣዋል።

እኔም አመሰገንኩት። ለንብረት የሚያዝን ሹፌር ብርቅ ነው። ናፍጣም ይተርፋል ብዬ ነው፣ መዋሸት አያስፈልግም።

ከጊዜ በኋላ ግን ጥጃው ቶሎ ቶሎ ይደክመው ጀመር። አንሙትም ቶሎ ቶሎ ያሳርፈው ጀመር። ባሳረፈው ቁጥር ባሰበት።

እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ እያለን ነው ወደ አያ ደሴ ማሳ የሄድነው።

አያ ደሴ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ የሚኖሩ አዛውንት ገበሬ ናቸው። በቆሏቸውን ለእኔ ነበር የሚሸጡት። በዚያ ክረምት ዋዜማ አንዱ በሬያቸው ሞተ። ሌላውን ብቻውን ምን ያደርጉታል? በሬ ለበሬ ሊቀናጃቸው የሚፈልግ ሰው አጡ። ልጆቻቸው ከተማ ገብተዋል። የቀራቸው ምርጫ መሬቱን ለጎረቤታቸው ለፈንታ የእኩል መስጠት ነው። ፈንታ ያርሳል፣ ምርቱን ለሁለት ይካፈላሉ።

«ሰኢድ፣ የእኩል መስጠት ነውር የለበትም» አሉኝ ቡሬ ገበያ ላይ አግኝተውኝ። «ግን አንዴ ሌላ ሰው አርሶ ከለመደው፣ እኔ ዳር ቆሜ ተመልካች ነኝ፤ ለገዛ መሬቴ እንግዳ ነው የምሆን። ሞፈር መልሶ የሚሰጠኝ የለም።»

በሰው ፊት፣ ያውም በገበያ መሃል፣ «አርስልዎታለሁ አያ!» አልኳቸው። ነጋዴ በገበያ መሃል የተናገረው ቃል ተመልሶ አይሸጥም።

ማሳው ዋልካ የሚሉት ጥቁር አፈር ነው። ዝናብ ከጠገበ ትራክተር ቀርቶ ውሻ አያስገባም። አንድ ሁለቴ አካፍቶበት ለእርሻ የተመቸው በዚያ ሳምንት ነበር። እኛ የደረስነው ደግሞ ዓርብ ነው። ቅዳሜና እሑድ በዚያ አገር መሬት አይታረስም፤ ሰኞ ደግሞ የደብሩ ታቦት የሚነግሥበት በዓል ነው። እስከ ማክሰኞ ሰማዩ ይጠብቀናል የሚል ሰው አልነበረም። ስለዚህ ዓርብ ካልታረሰ ፈንታ ያርሳል። እርሱ ደግሞ የመጀመሪያዋ ወፍራም ዝናብ ከመውረዷ በፊት ለመግባት በሬዎቹን ጠምዶ ከማሳው ዳር ተቀምጦ ነበር።

ፈንታ ክፉ ሰው አይደለም። የገበሬዎች የአንድ ለአምስት ቡድን መሪ ስለሆነ ለስብሰባ ያህል ይጮኻል እንጂ። ጥጃውን አየና፣

«አንተ አንሙት፣ ይኼ ብረትህ ጡት ጥሏል?» አለው።

«ቀንድ ሲያወጣ ትሸሻለህ» አለው አንሙት።

እርሻው ሲጀመር ሁላችንም ተደሰትን። አያ ደሴ ከኋላ ከኋላ እየሄዱ የተገለበጠውን አፈር በእጃቸው እያነሡ ያሸቱ ነበር። ሩብ ያህሉ እንኳ ሳይታረስ ቢጫዋ መብራት በራች። አንሙት እንደ ልማዱ ማሳው ዳር ካለው ዋንዛ ሥር ወስዶ አጠፋው። ሲያስነሣው ተነሣ፤ ግን ማረሻውን መሬት ሲያስነክሰው ማቃሰት ጀመረ። ነዳጅ ቢረግጥለት ጉልበት የለም። መብራቷም ሳትጠፋ መቆየቷ ቀርቶ ብልጭ ድርግም ትል ጀመር። አንሙት ወደ ዋንዛው መለሰው፤ ሞተሩን ሊያጠፋ ሲል «ቆይ፣ ላይነሣ ይችላል» ብዬ ከለከልኩት። ያችን ቃል ያናገረኝ ፍርሃት ነው፣ ዕውቀት አይደለም።

ፈንታ ተነሥቶ ቁምጣውን አራገፈ። «አያ፣ እንግዲህ ሰማዩን ይመልከቱ» አላቸው በቀስታ። በምዕራብ በኩል ደመናው ጠቁሮ ነበር። አያ ደሴ እጃቸውን የትራክተሩ ጎማ መከለያ ላይ ጭነው፣ ልክ የታመመ በሬ እንደሚዳብሱ ቆሙ።

እኔ ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርክ የለም። የአያ ደሴ ባለቤት እትዬ ትሁን፣ «ከዚያ ጉብታ ላይ ይገኛል፤ ልጆቼን ከዚያ ነው የማናግር» አሉኝ። ሮጬ ወጣሁ። በዚያ ሰዓት መስጊድ መሆን የነበረብኝ ሰውዬ ጁምዓዬን ጉብታ ላይ ስልክ ይዤ አሳለፍኩት።

የደወልኩት ባሕር ዳር ላለ ዳዊት ለሚባል መካኒክ ነው። እንዲህ ያሉ አዳዲስ ሞተሮችን ያውቃል ተብሎ ስልኩ ተሰጥቶኝ ነበር። ሲያነሣው እያኘከ ነው።

«ዳዊት፣ ጥጃው ሊሞትብኝ ነው!»

«ምሳ ላይ ነኝ። ደግሞ እኔ የከብት ሐኪም አይደለሁም።»

«ትራክተሩን ነው የምልህ!» ብዬ ሁሉን ነገርኩት፤ መብራቷን፣ ግለቱን፣ ጩኸቱን።

«እሺ፣ ሲግል ምን ታደርጉታላችሁ?»

«እናሳርፈዋለን።»

«እንዴት ነው የምታሳርፉት?»

«እናጠፋዋለና!»

ማኘኩን አቆመ። «ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ሹፌሬ አዛኝ ሰው ነው።»

«በአዘኔታ ሊገድለው ነው» አለኝ። ከዚያ እስከ ዛሬ እንደ ድግምት የማስታውሰውን ነገር ነገረኝ። «ጭስ ማውጫው ላይ ወፈር ያለ በርሜል የመሰለ ነገር አለ አይደል? ውስጡ ፊልትሮ ነው፤ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ። የናፍጣው ጥቁር ጭስ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ጥቀርሻው እዚያ ይያዛል። ሲሞላ ሞተሩ ራሱ ያውቃል። ናፍጣ ይጨምርና ፊልትሮውን ፍም እስኪመስል ያግለዋል። ጥቀርሻው ይነድና ጥቂት አመድ ብቻ ይቀራል። ደክሞት አይደለም ጋሽ ሰኢድ። ራሱን እያጸዳ ነው። እናንተ መሃሉ ላይ ትቆርጡበታላችሁ፤ ያልነደደው ጥቀርሻ ባለበት ላይ ሌላ ይጨመራል። የእኛ አገር ናፍጣ ደግሞ ቶሎ ነው የሚሞላው።»

ጉብታው ላይ ቁጭ አልኩ። ያ ሁሉ ጥላ ሥር የተደረገ ዕረፍት እንደ ፊልም ታየኝ። ልብሱን ሊያጥብ ውሃ በቀዳ ቁጥር ባልዲውን ስንደፋበት ነው የከረምነው።

«አሁንስ?» አልኩት።

«አሁን በጣም ሞልቷል፤ እየሠራ አይጸዳም፤ ቆሞ ነው መጽዳት ያለበት። ሞተሩ እንደተነሣ ነው? ጥሩ። የምልህን አንድ በአንድ ንገረው።»

ችግሩ ከጉብታው እስከ ዋንዛው ድምፅ አይደርስም። እትዬ ትሁን መሃል ላይ፣ ከአጥሩ አጠገብ ቆሙ። የእርሳቸው ድምፅ ከወንዝ ማዶ ከብት ይመልሳል።

«የእጅ ፍሬኑን ይያዝ በሉት!» አልኩ።

«አንሙት! የእጅ ፍሬኑን ያዝ ይልሃል! አጥብቀህ ያዝ፣ ጠዋት ስትገባ አጥሬን እንዳፈረስከው እንዳታደርግ!»

«ከማርሽ ያውጣው! ማረሻውን መሬት ያስቀምጥ!»

«ከማርሽ አውጣው! ማረሻውን አስቀምጥ! ቀስ፣ ቀስ!»

«ከመብራቷ አጠገብ ያለችውን ማብሪያ ተጭኖ ይያዛት!»

«ማብሪያዋን ተጫናት! የትኛዋን ይላል ሰኢድ! ... አዎ እሷን! እኔ ምን አውቄ፣ እሷን!»

ለአፍታ ምንም አልሆነም። ከዚያ ጥጃው ጮኸ። ማንም ሳይነካው ሞተሩ ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አለ። የፈንታ በሬዎች ደንግጠው ቀንበራቸውን እየነቀነቁ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ዋንዛው ላይ የነበሩ ወፎች ተነሥተው ሄዱ።

«ጀመረ!» አልኩት ለዳዊት።

«አሁን በደንብ ስማኝ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊቆይ ይችላል። አታንቀሳቅሱት፣ አታጥፉት። አሁን ካቋረጣችሁት ዳግመኛ እሺ አይላችሁም፤ ፊልትሮው ወልቆ ነው የሚሠራው፤ የሚሠራበት መሣሪያ ደግሞ እኔ ጋ የለም፤ ያለው ሰውም አላውቅም። በነገራችን ላይ፣ ከሥሩ ደረቅ ነገር የለም አይደል?»

ወደ ታች አየሁ።

አንሙት ጥላ ወዳድ ነው። ከዋንዛው ሥር ደግሞ የአያ ደሴ ያለፈው ዓመት የበቆሎ አገዳ ተከምሯል። ጥጃው የቆመው የተበተነው አገዳ ላይ ነው። ጭስ አየሁ። ጭሱ የሚወጣው ከጭስ ማውጫው አይደለም፤ ከመሬት ነው።

«እሳት!» ብዬ ጮኽኩ። እትዬ ትሁን ይህን ማቀበል አላስፈለጋቸውም፤ ራሳቸው አይተው «ኡኡ!» አሉ።

አንሙት እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ። ከዚያ ሆኜ እንኳ ፊቱን አየሁት፤ በሬው ገደል አፋፍ ላይ የቆመበት ሰው ፊት ነው። «እንዳይነካው! እንዳያጠፋው በሉት!» አልኩ እየሮጥኩ። እትዬ ትሁን «አትንካው ይልሃል!» አሉ፤ ግን በዚያ ጩኸት ውስጥ መስማቱን እንጃ። እሳቱ ቢነሣ ትራክተሩም ክምሩም ዋንዛውም ይሄዳል። ቢያጠፋው ደግሞ ማሳው ይሄዳል። አንሙት ጣቱ ቁልፉ ላይ፣ ዓይኑ እሳቱ ላይ ሆኖ ደረቀ።

ከሁላችንም ቀድሞ የደረሰው ፈንታ ነው። ጥጃው ቢቆም መሬቱን የሚያርሰው እርሱ ነበር። ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ይበቃው ነበር። ክምሩ ላይ የተደገፈውን መንሽ ነጥቆ ከትራክተሩ ሥር እየሰነቀረ የሚጨሰውን አገዳ ወደ ውጭ ይጎትት ጀመር።

«ቁልፉን ልቀቅ አንተ!» አለው አንሙትን፤ «ብረቱን አንተ ጠብቅ! እሳቱ የኔ ነው!»

አያ ደሴ በዕድሜያቸው አይታሰብም፣ ያን ገና የታረሰ ጥቁር አፈር በእጃቸው እየዛቁ ወረወሩበት። እኔም ደረስኩና እረግጥ ጀመር። የጫማዬ ሶል ቀለጠ። ፈንታ የክንዱ ፀጉር ተለብልቦ ሲሸት «ዛሬ በግ የታረደ ይመስላል» አለ፤ መንሹን ግን አላስቀመጠም። ከሥሩ ያለው ተጠርጎ ባዶ አፈር እስኪሆን፣ ክምሩም ወደ ኋላ እስኪገፋ ድረስ ማንም ቀና አላለም።

ቀና ስንል ጥጃው ያው ይጮኻል።

ከጭስ ማውጫው በላይ ያለው አየር እንደ ውሃ ይንቀጠቀጣል። በዚያ በኩል ያለው የዋንዛው ቅጠል ተጠቅልሏል። ሽታው አንጥረኛ ቤት የሚሸት የጋለ ብረት ነው። ጭስ ግን የለም። ያ ሁሉ ስንት ጊዜ ስናጠራቅምበት የከረምነው ጥቀርሻ እዚያች በርሜል ውስጥ እየነደደ፣ ከውጭ የሚታየው የሚርገበገብ አየር ብቻ ነው። ብዙ ዓይነት እሳት አይቻለሁ፤ የሚያነደው ነገር በሙሉ የራሱ ቆሻሻ የሆነ እሳት ግን አይቼ አላውቅም።

አንሙት ወርዶ አጠገቤ ቆመ። «ጋሼ፣ ሲያቃስት ነበር የመሰለኝ» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ጭስ ነው እንዳልል ጭስ የለም።

ደመናው እየቀረበ ነው። ሰዓት ማየት ፈራሁ።

ድንገት ሞተሩ ዝቅ አለ። ማንም አልነካውም። ረጅም ሩጫ ሮጦ ትንፋሹን እንደሰበሰበ ሰው ቀስ እያለ ወደ ወትሮው ድምፁ ተመለሰ። ብልጭ ድርግም ስትል የነበረችው መብራት ጠፋች።

ዝም አልን። ከዚያ አያ ደሴ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚናገሩት ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«መጽዳቱን ማን ነገረው?» አሉ።



እትዬ ትሁን ጠጋ ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ከጭስ ማውጫው ራቅ አድርገው ያዙ። ነጠላው ሲርገበገብ ቆየ። መልሰው ሲያዩት እንደ ነጣ ነው። ገለበጡት፤ በዚያ በኩልም ነጭ ነው። «በስመ አብ!» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሰኢድ፣ ለማዕድ ቤቴ እንዲህ ያለ አይመጣም?»

አንሙት ወጥቶ ማረሻውን መሬት አስነከሰ። ጥጃው አላቃሰተም። ያን ዋልካ እንደ ቅቤ ገለበጠው። አያ ደሴ እንደገና ከኋላ ተከተሉ። ፈንታ በሬዎቹን ፈታ፤ ነገር ግን አልሄደም። የተለበለበ ክንዱን በእርጥብ አፈር እየለቀለቀ የመጨረሻው ትልም እስኪወጣ ተቀመጠ። ዝናቡ የጀመረው ትራክተሩ ከማሳው ወጥቶ አስፋልቱ ሳይደርስ ነው። ወዲያው ወረደ። ከአፍታ በኋላ ማሳው ጥቁር ገንፎ ሆነ።

አያ ደሴ ዝናቡ እየመታቸው ፈንታን ትከሻውን ያዙት። «መሬቱ ሊደርስህ ነበር እኮ» አሉት።

«እሱማ ነበር» አለ ፈንታ። «ግን ምን ላድርግ አያ፣ አፍ አውጥቶ እየጮኸ ዝም ይባላል?»

በመኸር አያ ደሴ በቆሏቸውን ራሳቸው ይዘው መጡ፤ ምርቱ የማንም እኩል አልነበረበትም። ዛሬም መሬቱን የሚያርሱት እርሳቸው ናቸው። አንሙትም ያችን መብራት ሲያይ ጥላ መፈለጉን ትቷል። ደረቅ ነገር የሌለበት ባዶ አፈር ላይ ያቆመዋል፣ ከዚያ ራቅ ብሎ እጁን አጣምሮ ይቆማል። በዚያ ቀበሌ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። «ጥጃው እየበላ ነው» ይላሉ፤ አላፊው ሁሉ አካባቢውን ቃኝቶ አገዳ ካለ በእግሩ ገፋ አድርጎ ያልፋል።

ዳዊት በኋላ ባሕር ዳር ስሄድ አስረዳኝ። ከፊልትሮው በፊትና በኋላ ያለውን ግፊት የሚለካ መሣሪያ አለው፤ ልዩነቱ ሲቀንስ ሞተሩ መጽዳቱን ያውቃል። ገባኝ። ለአያ ደሴም ነገርኳቸው፤ እርሳቸውም ገባቸው። ከዚያ ትንሽ ቆይተው «እሱስ እሺ» አሉኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም እንደዚያው ነኝ። ነገሩ ሲገባኝ መደነቄ ይቀንሳል ብዬ ነበር፤ አልቀነሰም።

ዛሬም ጥጃው ሲጮኽ ቆይቶ በራሱ ጊዜ ዝቅ ሲል ዝም እላለሁ። ዋጋ እየተከራከርኩ ቢሆንም ዝም እላለሁ። የማያውቀኝ ገዢ በዋጋው የተስማማሁ ይመስለዋል፤ ሁለት ሦስቴ ከስሬበታለሁ። አላዘንኩም።